ኮፍያው የማን ነው?

እሑድ እሑድ የሱፍ ኮፍያ ሳይደፋ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ይቀጣል። ይህን ያልነው እኛ አይደለንም፤ የእንግሊዝ ፓርላማ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1571 ነው፤ ዙፋኑ ላይ የነበሩትም ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ናቸው። ሕጉ ዕድሜው ከስድስት ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ በሰንበትና በበዓል ቀን በአገር ውስጥ ኮፍያ ሠሪዎች እጅ የተሠራ የሱፍ ኮፍያ እንዲደፋ ያዝዛል። ከግዴታው ነጻ የሆኑት መኳንንት፣ ወይዛዝርትና ርስት ያላቸው ጌቶች ነበሩ። ሌላው ሕዝብ ግን ያለ ኮፍያው ከተገኘ ለእያንዳንዱ ቀን ሦስት ሽልንግ ከአራት ፔንስ ይከፍላል።

ነገሩ ያስቃል። ሳቁ ሲያልፍ ግን አንድ ጥያቄ ይከተላል። አንድ መንግሥት ምን ቢቸግረው በዜጎቹ አናት ላይ ሕግ ያወጣል? መልሱ ቀላል ነው። የሱፍ ኮፍያ መሥራት ብዙ እንግሊዛውያን የሚተዳደሩበት ሙያ ነበር። ክሩን የሚፈትል፣ የሚሠራ፣ በውኃ የሚያጠብቅ፣ የሚያቀልም፣ የሚያበጥር ሁሉ ከአንድ ኮፍያ እንጀራ ይበላል። ፋሽን ተለውጦ ሰው ፊቱን ወደ ሌላ ባርኔጣ ሲያዞር እነዚያ ሁሉ ሥራ ፈቱ። ፓርላማውም ፋሽንን በሕግ ሊመልስ ሞከረ። አልሆነም። ሕጉ በ1597 ተሻረ።

እኛ ይህችን ታሪክ የመረጥነው ለወግ ብቻ አይደለም። የሹራብ ኮፍያ በዓለም ላይ ካሉ ነገሮች ሁሉ ትሑቱ ይመስላል። ሁለት መርፌ፣ አንድ ልቃቂት ክር፣ አንድ ወንበር፣ በቃ። ለመጀመር ብድርም፣ ሼድም፣ ማሽንም አይጠይቅም። ግን ታሪክን ገለጥ ገለጥ ሲያደርጉት፣ ይህች ትንሽ ኮፍያ በደረሰችበት ሁሉ ከኋላዋ ሕግ፣ ማሽን፣ ማኅበርና ጠበቃ ተከትሏታል። የዛሬው ጽሑፋችን አንድ ነገር ለሚወዱ ሰዎች፣ ማለትም ለደጋፊና ለአድናቂ፣ በእጃቸው ኮፍያ እየሠሩ ለመኖር ስለሞከሩ ሰዎች ነው። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ ኮፍያው የማን ነው?

መጀመሪያ ማሽኑ መጣ

እ.ኤ.አ. በ1589 ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሹራብ የሚሠራ ማሽን ፈለሰፈ። ሰውየው የኖቲንግሃምሻየር ሰው ነው። በእጅ አንድ አንድ ዓይን እየተለቀመ የሚሠራውን ማሽኑ ረድፍ ሙሉ በአንዴ ይሠራዋል። እንደሚተረከው ሊ ማሽኑን ለንግሥቲቱ አቅርቦ የፈጠራ መብት ቢጠይቅ፣ ንግሥቲቱ በመርፌ የሚተዳደሩ ድሆች ለማኝ ይሆናሉ ብለው ከለከሉት። ከዚያም ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ፤ እዚያም የደገፈው ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ በ1610 ተገደለና ነገሩ ተበላሸበት። ማሽኑ ግን ከፈልሳፊው ዕድሜ በላይ ኖረ።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1811፣ በዚያው በኖቲንግሃም አካባቢ ሌሊት ሌሊት መዶሻ የያዙ ሰዎች የሹራብ ማሽኖችን መሰባበር ጀመሩ። ሉዳይቶች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ዛሬ «ሉዳይት» የሚለው ቃል ቴክኖሎጂን የሚፈራ ኋላ ቀር ሰው መስደቢያ ሆኗል። ፍርዱ ግን ፍትሐዊ አይደለም። የኖቲንግሃም ሠራተኞች ራሳቸው ማሽን ላይ የሚሠሩ ነበሩ። ያስቆጣቸው ማሽኑ ሳይሆን አሠሪዎቹ በማሽኑ ያመጡት ነገር ነው። ሰፊ ጨርቅ ሠርቶ፣ በመቀስ ቆራርጦ፣ ሰፍቶ እንደ እውነተኛ ካልሲ መሸጥ ተጀመረ። ዋጋው ረከሰ፤ ዕቃው ቶሎ ይተረተራል፤ የባለሙያው ክፍያም አብሮ ወረደ። መንግሥት የሰጠው መልስ ወታደርና ገመድ ነበር። በ1812 ማሽን መስበር በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። ባለቅኔው ሎርድ ባይረን በላይኛው ምክር ቤት የመጀመሪያ ንግግሩን ያደረገው ይህንን ሕግ በመቃወም ነው።

እዚህች ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በ1571 ሕጉ ከኮፍያ ሠሪው ጋር ቆሞ ነበር። በ1812 ግን ሕጉ ከማሽኑ ባለቤት ጋር ቆመ። ሠሪው ያው ነው፤ መርፌውም ክሩም ያው ነው። ሕጉ ብቻ ወንበሩን ቀየረ።

የቬርሞንት ሴቶችና የበረዶ ኮፍያ

አሁን ባሕሩን ተሻግረን አሜሪካ እንግባ። እ.ኤ.አ. በ1938 በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን የወጣው የሠራተኛ ሕግ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ ደነገገ። አሠሪዎች ግን መላ አያጡም። ሥራውን ከፋብሪካ አውጥተው በየቤቱ በቁራጭ ሒሳብ ማሠራት ቀጠሉ። ቤት ውስጥ ስንት ሰዓት እንደተሠራ ማን ይቆጥራል? ልጆች ያግዙ አያግዙ ማን ያያል? ስለዚህ በ1940ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት በሰባት የሥራ ዘርፎች የቤት ውስጥ ሥራን ከለከለ። ከሰባቱ አንዱ የሹራብ ልብስ ነበር፤ ኮፍያንም ይጨምራል።

ዓመታት አለፉ። ቬርሞንት የምትባለው ተራራማ ግዛት የበረዶ ሸርተቴ ወዳዶች መናኸሪያ ሆነች። ለእነዚህ ሰዎች ባለ ቀለም የሹራብ ኮፍያ እንደ መለያ ነው። ቤታቸው ተቀምጠው ኮፍያውን የሚሠሩት ደግሞ በአብዛኛው የገጠር ሴቶች ነበሩ። ክረምቱ ረጅም፣ ፋብሪካው ሩቅ፣ ልጁ ትንሽ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይህ ሥራ ሕገ ወጥ ነው ብሎ አሠሪዎቹን ሲይዝ፣ ሴቶቹ ለራሳቸው ሥራ ጥብቅና ቆሙ። በገዛ ቤታችን፣ በገዛ እጃችን ብንሠራ ምን አገባችሁ አሉ።

ክርክሩ ቀላል አልነበረም። በአንድ በኩል ሴቶቹ አሉ። በሌላ በኩል ዓለም አቀፍ የሴቶች ልብስ ሠራተኞች ማኅበር አለ። ማኅበሩ ለዘመናት የታገለው በየጓዳው ተደብቆ የሚሠራ የጉልበት ብዝበዛን ነው። ለቬርሞንት ሴቶች የተከፈተው በር በኒውዮርክና በሎስ አንጀለስ ለሚበዘበዙ ስደተኞች መታሰሪያ ይሆናል ሲል ሰጋ። በ1981 የሬገን አስተዳደር በሹራብ ላይ የነበረውን እገዳ አነሳ። ማኅበሩ ከሰሰ። በ1983 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እገዳውን መለሰው። በ1984 መንግሥት አሠሪዎች የምስክር ወረቀት እንዲይዙ አድርጎ እንደገና ፈቀደ። በዚህ አኳኋን የሹራብ ኮፍያ በቤት መሥራት ሕጋዊ ሆነ።

እኛ ከሁለቱ ወገን ማንን እንደግፍ ብንባል ቶሎ መልስ አይመጣልንም። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ሴቶቹ ሥራቸውን ይፈልጋሉ፤ ማኅበሩም ታሪክን ያውቃል። ይህች ውጥረት እንዳትረሳ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ከስታዲየሙ ደጃፍ

የአርሰናል ደጋፊዎች ይህችን ክፍል በጥሞና እንድታነቡ እንጠይቃለን። (የማንቸስተር ደጋፊዎች በሳቅ ብታነቧት አንቀየምም።)

በእንግሊዝ እግር ኳስ የክለቡን ቀለም አንገት ላይ መጠምጠምና አናት ላይ መድፋት ከክለብ ሱቅ በፊት የነበረ ልማድ ነው። እናት ወይም አያት ቀይና ነጭ ክር ገዝታ ትሠራለች፤ ልጁ ለብሶ ስታዲየም ይገባል። ለክለቡ የሚከፈል ሳንቲም የለም። ክለቡም አልጠየቀም። ነገሩ መለወጥ የጀመረው በ1970ዎቹ ነው። አድሚራል የተባለው ኩባንያ ከሊድስ ዩናይትድ፣ ቀጥሎም ከእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ጋር ተዋውሎ የቡድኑን ማልያ አምሳያ ለልጆች መሸጥ ያዘ። ክለቦች ቀለማቸው ገንዘብ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዱ።

ማቲው ሪድ ይባላል። ከ1970 ጀምሮ በሃይበሪ ስታዲየም አጠገብ ስካርፍ፣ ኮፍያና ማልያ ይሸጥ ነበር። ዕቃው የአርሰናል ስምና ምልክት አለበት። አብዛኛው ከክለቡ ፈቃድ ውጭ የተሠራ ነው። ሰውየው ግን አልደበቀም፤ ይፋዊ የክለቡ ዕቃ አይደለም የሚል ማስታወቂያ ከመደብሩ ላይ ሰቅሎ ነበር። አርሰናል ስሙንና ምልክቶቹን በ1989 በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦ ነበርና በ2001 ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

የሪድ መከራከሪያ ልብ የሚነካ ነው። አንድ ሰው መድፉ ያለበትን ኮፍያ ሲገዛ «ይህን የሠራው ማነው?» ብሎ አይደለም። «እኔ የማን ነኝ?» ለማለት ነው። ስለዚህ ምልክቱ የታማኝነትና የፍቅር መግለጫ እንጂ የፋብሪካ ማኅተም አይደለም አለ። የለንደኑ ዳኛ ይህን ክርክር በቁም ነገር ወስደው ለአውሮፓ ፍርድ ቤት ጥያቄ ላኩ። ሉክሰምበርግ በኅዳር 2002 ለአርሰናል ፈረደ። የለንደኑ ዳኛ ደግሞ የአውሮፓው ፍርድ ቤት ከሥልጣኑ አልፎ ፍሬ ነገር መርምሯል ብለው በታኅሣሥ ለሪድ ፈረዱ። በግንቦት 2003 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የመጨረሻውን ቃል ተናገረ፤ አርሰናል አሸነፈ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን አርሰናል በሊጉ ሳይሸነፍ ከረመ፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ የጎዳና ነጋዴ ማሸነፍ ነበረበት።

ቀልዱን እንተወውና፣ ፍርዱ ያስቀመጠው መስመር ትልቅ ነው። ፍቅርህን የመግለጽ መብት አለህ፤ የፍቅርህን ምልክት ለሌላ ሰው መሸጥ ግን የባለመብቱ ነው። አያት ለልጅ ልጇ የሠራችው ኮፍያ ምንም የለበትም። ለጎረቤት የሸጠችው ዕለት ግን ሌላ ታሪክ ይጀምራል።

የእናት እጅ የሠራው ኮፍያ

ስታዲየም ብቻ አይደለም ደጋፊ ያለው። እ.ኤ.አ. በ1974 የቢቢሲው «ዶክተር ሁ» ተከታታይ ድራማ አዲስ ተዋናይ አገኘ፤ ቶም ቤከር። የአልባሳት ባለሙያው ለአንዲት ሹራብ ሠሪ ብዙ ክር ሰጥተው ስካርፍ እንድትሠራ ያዝዛሉ። ቤጎኒያ ፖፕ የምትባለው ይህቺ ሴት የተሰጣትን ክር በሙሉ ሠራችው። ውጤቱ መሬት የሚጠርግ ስካርፍ ሆነ። ተዋናዩም ወደደው፤ ስካርፉም ከተዋናዩ እኩል ዝነኛ ሆነ። በመላው እንግሊዝ ተመልካቾች በመርፌያቸው እየቀዱ ሠሩት። ማንም አልከሰሳቸውም። በ2008 ግን አንዲት አድናቂ የድራማውን ፍጡራን በሹራብ እንዴት መሥራት እንደሚቻል የሚያሳይ መመሪያ በኢንተርኔት በነጻ ስታወጣ፣ ሌሎች ሰዎች በመመሪያው የሠሩትን አሻንጉሊት መሸጥ ጀመሩ። ቢቢሲም መመሪያው እንዲነሳ ጠየቀ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ተመልካቿ አልተለወጠችም። የተለወጠው ገበያው ነው።

ወደ ዋናው ኮፍያ እንምጣ። በመስከረም 2002 ፎክስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን «ፋየርፍላይ» የሚል ተከታታይ ድራማ ማሳየት ጀመረ። ደራሲው ጆስ ዊደን ነው። ድራማው በጠፈር መርከብ ላይ የሚኖሩ ጥቂት ሽፍታ መሰል ሰዎችን ይከተላል። ጣቢያው ክፍሎቹን ቅደም ተከተላቸውን አዛብቶ አሳየ። ተመልካች አነሰ ተባለና በታኅሣሥ ተሰረዘ። ከተሠሩት 14 ክፍሎች 11ዱ ብቻ ነበሩ የታዩት።

ከመርከቡ ሰዎች አንዱ ጄይን ኮብ ነው። ጡንቻውና ጠመንጃው እንጂ አንጀቱ የማይታወቅ ቅጥረኛ። በአንዱ ክፍል ላይ ለዚህ አስፈሪ ሰው ፖስታ ይመጣለታል። ከእናቱ ነው። ውስጡ ብርቱካናማና ቢጫ፣ የጆሮ መሸፈኛ ያለው፣ አናቱ ላይ የክር ኳስ የተንጠለጠለበት የሹራብ ኮፍያ አለ። አስቀያሚ ነው። እናቱ በእጇ ነው የሠራችው። ጄይን በደስታ ይደፋዋል። ባልደረቦቹ ሲሳለቁበት እንኳ አያወልቀውም። በቃ ይኸው ነው። ግን በዚያች አጭር ትዕይንት ተመልካቹ ሰውየውን ወደደው።

የሚገርመው ይህ ክፍል ፎክስ ካላሳያቸው ሦስቱ አንዱ ነው። ብዙ አሜሪካውያን ያዩት በታኅሣሥ 2003 በዲቪዲ ሲወጣ ነው። ባለቤቱ ያልፈለገውን ድራማ አድናቂዎቹ ተሸከሙት። ራሳቸውን «ቡናማ ካፖርቶች» ብለው ሰየሙ። ዲቪዲ እየገዙ ለጓደኛ ሰጡ፤ በየከተማው ተሰበሰቡ። በ2005 ዩኒቨርሳል ታሪኩን «ሴሬኒቲ» በሚል ርዕስ ወደ ሲኒማ ቤት አመጣው። ከ2006 ጀምሮ አድናቂዎቹ ይህን ፊልም በየከተማው እያሳዩ ገቢውን ለበጎ አድራጎት ይሰጡ ጀመር። በእነዚህ ስብሰባዎች ሁሉ የሚታየው ምልክት ደግሞ ያ አስቀያሚ ኮፍያ ነው።

ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ ኮፍያ አልነበረም። ስለዚህ ሹራብ የሚችል ሠራ፤ የማይችል ከሚችል ገዛ። በ2005 በኒውዮርክ ብሩክሊን የተመሠረተው ኤትሲ የተባለ የእጅ ሥራ መገበያያ ድረ ገጽ ለዚህ የተመቸ ጉሊት ሆነ። ገበያው የተከፈተው በእነዚህ ሠሪዎች መርፌ እንጂ በፎክስ ማስታወቂያ አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣው ማስጠንቀቂያ ከፎክስ አልነበረም። በ2006 ዩኒቨርሳል የፊልሙን ጭብጥ የያዘ ቲሸርት ስትሸጥ ለነበረች አንዲት አድናቂ የጠበቃ ደብዳቤ ላከ። የአድናቂዎቹ ምላሽ በታሪክ ሊቀመጥ የሚገባው ነው። ፊልሙን በነጻ ስናስተዋውቅ ያጠፋነው ሰዓት ይኸው ብለው ቆጠሩ፤ ከ28 ሺህ ሰዓት በላይ ሆነ። ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚጠይቅ ደረሰኝ አዘጋጅተው ለኩባንያው አቀረቡ። ክፍያ እንደማይመጣ ያውቁ ነበር። የፈለጉት ጥያቄውን በወረቀት ላይ ማስፈር ነው፤ የአንተን ዕቃ ተወዳጅ ያደረገው የእኔ ድካም ከሆነ፣ ዕቃው ያንተ ብቻ ነው?

ቀጥሎ 2013 መጣ። ድራማው አሥር ዓመት ሞልቶት እንደገና ስሙ ይነሳ ነበር። ሪፕል ጃንክሽን የተባለ ኩባንያ ከፎክስ ፈቃድ አግኝቶ የጄይንን ኮፍያ አመረተ፤ ቲንክጊክ የተባለው የኢንተርኔት ሱቅም መሸጥ ጀመረ። በዚያው ሰሞን ኤትሲ ላይ ኮፍያውን በእጃቸው ለሚሠሩ ሴቶች ሽያጩን እንዲያቆሙ የሚያዝዝ የፎክስ ደብዳቤ ደረሳቸው። አንዳንዶቹ አነሱት። አንዳንዶቹ የጄይንን ስም ፍቀው ኮፍያውን አስቀሩት። አድናቂዎቹ ተቆጡ። ቁጣው ሲበረታ ቲንክጊክ ደብዳቤው ከእሱ እንዳልመጣ ገልጾ፣ ከኮፍያው የሚያገኘውን ትርፍ አድናቂዎቹ ለሚያዘጋጁት ለዚያው የበጎ አድራጎት ፊልም ዝግጅት እንደሚሰጥ አስታወቀ።

ሕጉ ምን ይላል? በአሜሪካ ሕግ ልብስ ለአገልግሎት የሚውል ዕቃ ነውና ቅርጹ እንደ ልብ በቅጂ መብት አይጠበቅም። በ2017 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በስፖርት አጨብጫቢዎች ዩኒፎርም ክርክር ላይ፣ ከልብሱ ተነጥሎ ራሱን ችሎ እንደ ሥዕል ሊታይ የሚችል ጌጥ ግን ሊጠበቅ ይችላል ሲል ወሰነ። ለሁለት ቀለም የሹራብ ኮፍያ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጠበቆች ሙሉ ቀን ሊከራከሩበት ይችላሉ። ግን አንዲት ሹራብ ሠሪ ከፎክስ ጋር ሙሉ ቀን የምትከራከርበት ገንዘብ ከየት ታመጣለች? እዚህ ላይ ሕጉ ምን እንደሚል ከማወቅ ይልቅ ሕጉን ለመጠየቅ ስንት እንደሚያስወጣ ማወቅ ይበልጣል።

ትልቁ ምፀት ግን ሌላ ነው። የዚያ ኮፍያ ትርጉሙ ሁሉ እናት በእጇ የሠራችው መሆኑ ነው። ደብዳቤው ያስቆመው በእጅ የተሠራውን ነው፤ ያስቀረው የፋብሪካውን።

ሒሳቡን እናስላ

መቼም ሀብታም ሆነው ነበር የሚል አይጠፋም። እስቲ አብረን እናስላ። ዋጋውን፣ የክሩን ወጪና ሰዓቱን ለምሳሌ ያህል እኛ እንገምት። የኤትሲ ክፍያ ግን በጊዜው የነበረው ነው፤ ዕቃ ለማውጣት 20 ሳንቲም፣ ከሽያጩ ደግሞ 3.5 በመቶ።

ኮፍያው በ35 ዶላር ተሸጠ እንበል። ክሩ 8 ዶላር ፈጀ። ኤትሲ 20 ሳንቲም እና 1 ዶላር ከ22 ሳንቲም ገደማ ወሰደ። 25 ዶላር ተኩል ያህል ቀረ። መሥራቱ፣ የክር ኳሱን ማሰሩ፣ ፎቶ ማንሳቱ፣ ማሸጉና ፖስታ ቤት መሄዱ በጠቅላላ አምስት ሰዓት ወሰደ ብንል፣ ለሠሪዋ በሰዓት 5 ዶላር ከ10 ሳንቲም አካባቢ ይደርሳታል። የአሜሪካ ፌዴራል ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። እጇ ፈጥኖ በሦስት ሰዓት ተኩል ብትጨርሰው ነው ከሕጋዊው ወለል ጋር የምትገናኘው። ኤትሲም ድርሻውን በ2018 ወደ 5 በመቶ፣ በ2022 ደግሞ ወደ 6.5 በመቶ አሳድጓል።

የቬርሞንቱ ክርክር የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ያኔ ማኅበሩ የፈራው አሠሪ ቤት ድረስ መጥቶ ሠራተኛዋን ከደመወዝ ወለል በታች እንዳያሠራት ነበር። ኢንተርኔት ሲመጣ አሠሪው ጠፋ። ሴትየዋ «ነጋዴ» ተባለች። ለነጋዴ ደግሞ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ ማኅበርም የለም። የሚጠብቃት ሕግ ሄደ፤ ደብዳቤ የሚልክባት ሕግ ግን አድራሻዋን አወቀ።

ታዲያ ለምን ይሠራሉ? የምትወደውን ነገር የሚወድ ሌላ ሰው እጅህ የሠራውን ደፍቶ ሲሄድ ማየት በሰዓት ሒሳብ አይገባም። ይህን ማናቸውም ባለሙያ ያውቀዋል። ችግሩ፣ ይህንኑ ደስታ ገበያው እንደ ክፍያ ቆጥሮ መቀነሱ ነው።

ምልክት ሁሉ ጠላት ነው?

እንዲህ ሲባል የንግድ ምልክት የሚባል ነገር ሁሉ ይፍረስ ያልን እንዳይመስል። እኛ ኢትዮጵያውያን እንዲህ ለማለት አፋችን አይደፍርም። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥታችን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስም ጋር ትልቅ ውዝግብ ተነሳ። በሰኔ 2007 ስታርባክስ የስሞቹን ባለቤትነት በሚመለከት ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈረመ። ያን ጊዜ ባለመብቱ እኛ ነበርን፤ ምልክቱም የገበሬው ጋሻ ነበር። ያው ሕግ ነው። በማን እጅ እንዳለ ግን ይለያያል።

ሌላውን ጎን ደግሞ ሽሮ ሜዳ ወርደን እንየው። ሸማኔው በቀናት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሚያወጣውን ጥለት የውጭ ፋብሪካ በጨርቅ ላይ አትሞ በርካሽ ያመጣዋል። ሸማኔው ወደ ማን ይጮኻል? የኢንዱስትሪ ንድፍን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ንድፉ አዲስ እንዲሆን ይጠይቃል። ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ጥለት ደግሞ አዲስ አይደለም። ፎክስ የአንዲት የልብ ወለድ እናት ኮፍያ ባለቤት መሆን ሲችል፣ እውነተኛው ሸማኔ የእውነተኛ አባቱ ጥበብ ባለቤት መሆን አቃተው። በሁለቱም ታሪክ ዕቃውን በእጁ የሠራው ሰው ነው የተሸነፈው።

ለመሆኑ ሌላ መንገድ ነበር? እኛ ነበር እንላለን። ፎክስ በዓመት አነስተኛ ክፍያ፣ በተወሰነ ቁጥር፣ በእጅ ለሚሠሩ ሰዎች ብቻ የሚሆን ፈቃድ ማዘጋጀት ይችል ነበር። ፋብሪካውም ይሸጣል፤ ሠሪዋም ትሸጣለች። በእጅ የተሠራውን የሚፈልግና የፋብሪካውን የሚፈልግ ገዢ አንድ አይደለም። ሃይበሪ አጠገብ ይፋዊ አይደለም የሚለውን ማስታወቂያ እያነበቡ የገዙት ደጋፊዎች ይህን አስቀድመው አሳይተዋል።

ዛሬ ነገሮች ተለዋውጠዋል። አርሰናል ሃይበሪን የለቀቀው በ2006 ነው። ቲንክጊክ ድረ ገጹን በ2019 ዘግቷል። በዚያው ዓመት ዲስኒ የፎክስን ዋና ንብረት ሲገዛ ፋየርፍላይንም ጠቀለለ። የኮፍያው ሕጋዊ ባለቤት ስም ተለወጠ ማለት ነው። አሠራሩ ግን ያው ነው። መርፌ የሚችል ሰው አንዴ ካየው ይሠራዋል።

ኮፍያው የማን ነው ለሚለው ጥያቄ ታሪክ የሰጠችን መልስ ሕጉ አጠገቡ የቆመለት ሰው ነው የሚል ነው። በ1571 ሕጉ ከሠሪው ጎን ነበር፤ በ1812 ከማሽኑ፤ በ2003 ከክለቡ፤ በ2013 ከስቱዲዮው። ሕግ ወንበሩን ደጋግሞ ከቀየረ፣ ወደፊትም አይቀይርም ያለው ማነው? እንዲቀይር ግን የሚጠይቅ ያስፈልጋል፤ ድካሙን በሰዓት ቆጥሮ ደረሰኝ የሚያቀርብ። ቸር እንሰንብት።